በ1.3 ሚሊ ሜትር የሳተው ቴሌስኮፕ፦ ሀብል ወድቆ የተነሳበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1990 ናሳ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ዱብ ዕዳ የሆነ ዜና ነገራቸው። ከሁለት ወር በፊት ወደ ህዋ የተላከው ሀብል ቴሌስኮፕ አጥርቶ አያይም። ዋናው መስታወቱ ሲሠራ ቅርጹን ስቷል። 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ ብዙ ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት፣ ዓለም በጉጉት የጠበቀው መሣሪያ ገና በቅጡ ሥራ ሳይጀምር የውድቀት ምሳሌ ሆነ።

ስለ ውድቀት ሲወራ "ወድቆ መነሳት ያለ ነው" ይባላል። እውነት ነው። ግን ይህ አባባል ዋናውን ነገር ዘሎት ያልፋል። ሰው ከወደቀ በኋላ፣ ከመነሳቱ በፊት ምን ያደርጋል? ስህተቱን በምን ዓይን ያየዋል? ለማን ይነግረዋል? የሀብልን ታሪክ ደጋግሜ የማነበው ለዚህ ነው። ስህተቱ በሚሊ ሜትር ተለክቷል። ምርመራው ተጽፏል። ያንኑ አንድ ስህተት የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ሲያዩት ምን እንደተከተለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምን ተበላሸ?

ሀብል በዲስከቨሪ መንኮራኩር ተጭኖ የወጣው ኤፕሪል 24 ቀን 1990 ነው። በማግስቱ ምሕዋሩ ላይ ተለቀቀ። የመጀመሪያ ፎቶውን ሜይ 20 ላይ አነሳ። ፎቶው መጥፎ አልነበረም። መሬት ላይ ካሉ ቴሌስኮፖች ጋር ሲተያይ የተሻለ ነበር፤ ብዙዎችም ደስ አላቸው። ባለሙያዎቹን ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። የኮከቡ መሃል ብሩህ ነው፤ ዙሪያውን ግን ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ከቦታል። ፎከሱን ወዲህ ቢሉት ወዲያ ቢሉት አልጠራም።

የቴሌስኮፑ ዋና መስታወት 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ሥራው ከሩቅ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ማሳረፍ ነው። ከአንድ ኮከብ ብርሃን 70 በመቶው በጣም ጠባብ ክብ ውስጥ እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። ያረፈው ግን ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። የቀረው ተበተነ። ከመስታወቱ ጠርዝ የሚመጣው ብርሃንና ከመሃሉ የሚመጣው ብርሃን አንድ ቦታ አልገናኝ አሉ። ጠርዙ ከሚገባው በላይ ዝርግ ስለሆነ ነው። ልዩነቱ 2.2 ማይክሮን ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ለ50 ቢከፈል አንዱን ያህላል።

የሚያስገርመው መስታወቱ በግዴለሽነት የተሠራ አለመሆኑ ነው። ፐርኪን ኤልመር የተባለው ኩባንያ ዳንበሪ በምትባል የኮኔቲከት ከተማ ውስጥ ሲያለሰልሰው እጅግ ተጠንቅቋል። ገጹ እንከን የማይወጣለት ለስላሳ ነበር። ችግሩ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተሳሳተ ቅርጽ ላይ መዋሉ ነው። መስታወቱ የተሳሳተው በትክክል ነው ማለት ይቻላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ሁሉንም የሚያድነው እሱ ነው።

ዳንበሪ ውስጥ

እንዲህ ያለ መስታወት ሲለሰልስ ቅርጹ በየጊዜው ይለካል። ሠራተኞቹ የሚያምኑት አንድ መለኪያ ነበራቸው። ሁለት መስታወትና አንድ ትንሽ ሌንስ ያሉት ነው። ሌንሱና መስታወቶቹ በትክክለኛው ርቀት ላይ ከተቀመጡ መለኪያው የሚያሳየው ነገር እጅግ ትክክል ነው። ርቀቱ ከተዛባ ግን መለኪያው ራሱ አሳሳች ይሆናል።

ርቀቱን ለመለካት ልዩ የብረት ዘንግ ነበር። የዘንጉ ጫፍ ላይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የሌዘር ጨረር በቀዳዳው ገብቶ የዘንጉን ጫፍ ነክቶ መመለስ አለበት። ክዳኑ ብርሃን እንዳይመልስ ተቀብቷል። ግን ቅቡ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ነበር። ጨረሩም ዘንጉን ሳይነካ ከተላጠው ክዳን ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ለካው ሰው ትክክለኛውን ቦታ ያገኘ መሰለው። የሌንሱ ቦታ የ1.3 ሚሊ ሜትር ስህተት የተወለደው እዚያ ጋ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኔ ከስህተቱ የበለጠ ትምህርት አለው። ሌንሱን በተለካው ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ሲሞክሩ ማስተካከያው አልደረስ አላቸው። መሣሪያው "እዚህ አልደርስም" እያለ ነው። ንድፉ ልክ ከሆነ መድረስ ነበረበት። ቆም ብሎ "ምን ተፈጠረ?" ለማለት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ቴክኒሺያኖቹ ግን ክፍተቱን በሮንዴላ ሞሉት። ንድፉ ላይ ያልነበረ ተራ ሮንዴላ። ሌንሱም የተሳሳተ ቦታው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ጊዜ ያውቀዋል። ቀነ ገደብ አለ። በጀቱ አልቋል። አለቃ ይጠብቃል። ትንሽ የማይገጥም ነገር ይመጣል፤ በእጅ ያለ መላ ይፈልጉለትና ያልፋሉ። በአብዛኛው ምንም አይመጣም። ለዚህ ነው ልማድ የሚሆነው።

ግን ስህተቱ አንዴ ተሠርቶ አልተደበቀም። ሁለት ጊዜ ራሱን አሳይቷል። የመጀመሪያው፣ ያንን የታመነ መለኪያ ለመፈተሽ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ነበር። እሱ አንድ ነገር እንደተዛባ በግልጽ አሳየ። ሁለተኛው፣ በ1981 መስታወቱ ካለቀ በኋላ በሌላ ዓይነት መለኪያ ተለክቶ ነበር። እሱም ያንኑ ስህተት አሳየ። ሁለት የተለያዩ ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ። መልሱ ግን "እነዚህ መለኪያዎች እንደ ዋናው ትክክለኛ አይደሉም፤ ስህተቱ የእነሱ ነው" የሚል ሆነ። ጉዳዩ ተዘጋ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ይሄኛው አረም የተገኘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ መሬትን እየዞረ ነው።

ይህን የወሰኑት ሰዎች ደደቦች ወይም ሰነፎች አልነበሩም። አእምሯቸው የሠራው የሁላችንም አእምሮ የሚሠራውን ነው። የምንኮራበት ሥራ ላይ መጥፎ ዜና ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ዜና አምጪውን ነው። ፈተናው የወደቀ ሥራ ያሳያል፤ እኛ የወደቀ ፈተና እናያለን።

የአሠራሩም ነገር አለ። መስታወቱን የሚሠራው ክፍል በሩን ዘግቶ የሚሠራ ነበር። ከኩባንያው ሌሎች ባለሙያዎችም ሆነ ከናሳ ገብቶ "ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቂ አልነበረም። ሥራው ዘግይቷል፤ ወጪውም ከታሰበው በላይ ሄዷል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ "የማይገጥም ነገር አለ" ብሎ እጅ ማውጣት ቀላል አይደለም። ሙሉው ቴሌስኮፕ ተገጣጥሞ መሬት ላይ አንድ ጊዜ እንዲሞከርም አልተደረገም፤ ብዙ ወጪ ይጠይቃል ተብሎ። ኮዳክ የሠራው መጠባበቂያ መስታወት ደግሞ ነበር። ያኛው ቅርጹን አልሳተም። ሲጠብቅ ቆይቶ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ የሀርቫርድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ያገኙት ነገር እዚህ ጋ ይታወሰኛል። ጥሩ የሚባሉት የሕክምና ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይመዘገብባቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። የተመዘገበባቸው ግን የበለጠ ነበር። ነገሩ ሲጣራ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ለመናገር የማይፈሩ ሆነው ተገኙ። ዳንበሪ ውስጥ የጠፋው ይህ ነው። ስህተት የሚያሳይ መሣሪያ ነበር፤ ስህተቱን ተቀብሎ የሚያወራበት ሰው ጠፋ።

"ማን?" እና "እንዴት?"

ዜናው በወጣ በቀናት ውስጥ ናሳ መርማሪ ቦርድ አቋቋመ። ሰብሳቢው ሊው አለን ነበሩ፤ የቀድሞ የአየር ኃይል ጄኔራልና የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ኃላፊ። ቦርዱ ወደ ዳንበሪ ሲሄድ አንድ ትልቅ ነገር ጠበቀው። ያ መለኪያ እንዳለ ነበር። ማንም አልፈታውም፣ ማንም አላስተካከለውም። ለኩት። ሌንሱ 1.3 ሚሊ ሜትር ስቶ ተገኘ። ሮንዴላዎቹም እዚያው ነበሩ።

ይህ ነገር እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። መለኪያው ፈርሶ ወይም ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በግምት ብቻ ይታወቅ ነበር። በግምት የታወቀ ስህተት ደግሞ የሚታረመው በግምት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ በሽታው ሳይደበቅ በመቆየቱ መድኃኒቱ በልክ ተቀመመ።

ሪፖርቱ በኖቬምበር 1990 ወጣ። ጥፋቱን ሮንዴላ ባስገባው ሰው ላይ አላላከከም። የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ እንዲህ ያለ ስህተት ይህን ሁሉ ዓመት ሳይያዝ እንዴት አለፈ? መልሱም ረጅም ነው። አንድ መለኪያ ብቻ ታመነ። የተቃረነ ውጤት ሲመጣ እስከ መጨረሻው የተከታተለው የለም። የጥራት ቁጥጥሩ ላላ። ናሳም ከላይ ሆኖ በቅርብ አላየም። ናሳ ያቋቋመው ቦርድ ናሳንም ወቅሷል።

አንዳንዱ ሰው "ማንንም ያልወቀሰ ምርመራ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም" ይላል። ስጋቱ ይገባኛል፤ እዚህ ግን እንዲያ አልሆነም። ፐርኪን ኤልመርና በኋላ ክፍሉን የገዛው ሂውዝ በ1993 ለአሜሪካ መንግሥት 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ተጠያቂነቱ ያረፈው አሠራሩን በዘረጋው ላይ ነው። አንድ ቴክኒሺያን ቢባረር ግን ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተዘጋው በር ደግሞ እንደተዘጋ ይቀራል።

ያን ጊዜ የናሳ አስትሮፊዚክስ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ቻርልስ ፔለሪን ጉዳዩን ከብዙዎች በላይ ወደ ልባቸው አስገቡት። ለጥገናው የሚሆነውን ገንዘብ በማግኘት ብዙ ደክመዋል። ከዚያም በኋላ ቀሪ ሥራቸውን ይህ ስህተት የበቀለበትን ነገር ወደማጥናት አዞሩት። የደረሱበት መደምደሚያ የመስታወቱ ችግር ከሥሩ የአመራርና የቡድን ግንኙነት ችግር ነው የሚል ነው። ሰዎች በስጋት ሲሠሩ ያዩትን አይናገሩም። እኔም ጉዳዩን ባነበብኩት ቁጥር ወደዚያው ነው የምደርሰው።

ሦስቱ የደበዘዙ ዓመታት

ከ1990 እስከ 1993 ያለው ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይወራለትም። ለእኔ ግን ትልቁ ክፍል ነው። የጋዜጣ ካርቱኒስቶች ሀብልን መሳለቂያ አደረጉት። የምክር ቤት አባላት ተቆጡ። በተለይ የናሳን በጀት የሚመለከተውን የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ የሚመሩት ባርባራ ሚኩልስኪ ቃላቸውን አልቆጠቡም። ገንዘቡ ውሃ በላው ተባለ። ሀብል ላይ የሠሩ ሰዎች የት እንደሚሠሩ ሲጠየቁ አንገታቸውን የሚደፉበት ጊዜ ነበር።

እፍረት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሰውን ይሸሽጋል። ሌላው ሥራ ላይ ይጥላል። ቴሌስኮፑን የሚያንቀሳቅሱት ሳይንቲስቶች ሁለተኛውን መረጡ። ጥገና እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። መስታወቱ ብርሃንን እንዴት እንደሚበትን በትክክል ስለታወቀ፣ የተበተነውን በኮምፒውተር ስሌት መልሶ መሰብሰብ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ደማቅ ለሆኑ ነገሮች ግን ብዙ ይረዳል። ስለዚህ የምልከታ ዕቅዳቸውን ቀየሩ። ደብዛዛ ነገሮችን ለጊዜው ተዉ፤ ደማቆቹን አስቀደሙ። በእነዚያ ዓመታትም የሚታተም ሳይንስ ከሀብል ወጥቷል። ያኔ የዳበረው ምስል የማጥራት ዘዴ በኋላ የጡት ካንሰር ምርመራ ፎቶዎችን ለማንበብም ተሞክሯል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሀብል ከመጀመሪያው ጠፈርተኞች በየሦስት ዓመቱ ገደማ እየሄዱ እንዲጠግኑት ታስቦ ነው የተሠራው። መያዣ እጀታ አለው። መሣሪያዎቹ እንደ መሳቢያ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ዋና ካሜራውን የሚተካ ሌላ ካሜራም ገና ቴሌስኮፑ ሳይነሳ መሬት ላይ እየተሠራ ነበር። ይህን ያቀዱት ሰዎች ምን እንደሚበላሽ አላወቁም። አንድ ነገር እንደሚበላሽ ግን አውቀው፣ ሳያፍሩ ንድፉ ውስጥ አስገቡት። መስታወቱን የሠሩት ሰዎች "አንሳሳትም" ብለው ሠሩ፤ አካሉን የሠሩት "እንሳሳታለን" ብለው ሠሩ። ሀብልን ያተረፉት ሁለተኞቹ ናቸው።

የስህተቱን ልክ ማወቅ

መስታወቱን ህዋ ላይ መቀየር አይቻልም። ቴሌስኮፑን ወደ መሬት መልሶ ማምጣትም ለራሱ አደጋ ነበረው። ያለው አማራጭ እንደ መነጽር ያለ ነገር መሥራት ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ዓይኑ አይቀየርለትም፤ ድካሙ ተለክቶ ተቃራኒው ሌንስ ይሠራለታል። እዚህ ጋ ነው ያ "በትክክል የተሳሳተ" ያልኩት ነገር የሚጠቅመው። መስታወቱ እዚህም እዚያም የተጎረበጠ ቢሆን ኖሮ አበቃለት ነበር። እሱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ሕግ የተሳሳተ ነው። ሕጉ ደግሞ ታውቋል። ስለዚህ በዚያው ልክ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የተሳሳቱ ትንንሽ መስታወቶች ቢሠሩ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ።

በአዲሱ ካሜራ ላይ ይህን ማድረግ ቀላል ነበር። ገና እየተሠራ ስለሆነ ማረሚያው በውስጡ ገባ። ሌሎቹ ሦስት መሣሪያዎች ግን ህዋ ላይ ናቸው። ለእነሱ ምን ይደረግ? የሀብል ሳይንስ ተቋም ኃላፊ ሪካርዶ ጃኮኒ የመፍትሔ ፓናል አቋቋሙ። ማንም የፈለገውን ሐሳብ እንዲያመጣ ተባለ። ለእኔ ይህ ፓናል የዳንበሪ ክፍል ተቃራኒ ነው። የኦፕቲክስ (የብርሃንና የመስታወት ሳይንስ) ሰው አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ጠፈርተኛ አለ። ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መርክ ቦተማ የተባሉት የኦፕቲክስ ባለሙያ ትንንሽ ማረሚያ መስታወቶች በእያንዳንዱ መሣሪያ ፊት ለፊት ቢቀመጡ ችግሩ እንደሚፈታ በስሌት አሳዩ። ግን ማን ያስቀምጣቸው? እንዴት? ኢንጂነሩ ጂም ክሮከር ለስብሰባ ጀርመን ሄደው ሆቴል ውስጥ ሻወር ይወስዳሉ። የሻወሩ ራስ ዘንግ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት፣ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነበር። እዚያው ቆመው ያዩታል። መስታወቶቹ ልክ እንደዚህ በሚታጠፉ ክንዶች ላይ ቢሆኑስ? ተጣጥፈው በአንድ ሳጥን ይገባሉ፤ ቦታው ሲደርሱ ይዘረጋሉ። ኮስታር የተባለው መሣሪያ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። አሥር መስታወቶች ነበሩት፤ የሳንቲም ያህል የሆኑ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሻወሩ ላይ ያቆማሉ። እኔ ደስ የሚለኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ክሮከር ሻወር ውስጥ ሆነውም ስለዚያ ችግር ያስቡ ነበር። ስህተቱን ሌላ ሰው ነው የሠራው፤ መፍትሔውን ግን የራሳቸው ሥራ አድርገው ተሸክመውታል።

ዋጋም ተከፍሏል። ኮስታር እንዲገባ አንድ መሣሪያ መውጣት ነበረበት። የወጣው ፈጣን የብርሃን መለኪያው ነው። ያንን መሣሪያ ለዓመታት የደከሙበት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያቸው ምንም ጥፋት አልነበረበትም። የሌላ ሰው ስህተት ሲታረም ምንም ያላጠፋ ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም። መርክ ቦተማም ሐሳባቸው ሲሳካ አላዩም። በ1992 አረፉ።

መሳሳትን የተለማመዱ ጠፈርተኞች

የጥገናው ጉዞ ዲሴምበር 2 ቀን 1993 በኢንደቨር መንኮራኩር ጀመረ። ሰባት ጠፈርተኞች ነበሩ፤ አዛዡ ሪቻርድ ከቪ፣ ከመንኮራኩሯ ወጥተው የሚሠሩትን የሚመሩት ስቶሪ ሙስግሬቭ። አምስት ቀን በተከታታይ እየወጡ፣ በድምሩ ከ35 ሰዓት በላይ ሠርተዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ልምምድ ይበልጣል። ትልቅ ገንዳ ውስጥ ውሃ ውስጥ ሆነው እያንዳንዷን ብሎን ደጋግመው ፈተዋል። ሙስግሬቭ በሜይ 1993 አየር በሌለው የቅዝቃዜ ክፍል ውስጥ ልብሱንና መሣሪያዎቹን ሲሞክሩ ጣቶቻቸውን ብርድ ጎዳቸው። መጥፎ አደጋ ነው። ግን መሬት ላይ ነው የደረሰው፤ ለዚያ ነው የሚሞከረው። ስለ ቅዝቃዜው እንደገና ታሰበ፣ እሳቸውም ድነው ሄዱ።

ላይ ከወጡም በኋላ ሁሉም እንደ ዕቅዱ አልሄደም። በመጀመሪያው ቀን ሙስግሬቭና ጄፍ ሆፍማን ጋይሮስኮፖቹን (ቴሌስኮፑ አቅጣጫውን የሚያውቅባቸውን መሣሪያዎች) ቀይረው በሩን ሊዘጉ ሲሉ በሩ አልገጥም አለ። ያ በር አለመዘጋቱ ማለት ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ ይዛባል ማለት ነው። እዚህም የማይገጥም ነገር መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ጸጥ ብለው አላለፉትም። ያዩትን በሬዲዮ ተናገሩ፣ መሬት ላይ ያሉት አብረው አሰቡ። በመጨረሻ በሚጠብቅ ማሰሪያ ሁለቱን በሮች ቀስ እያሉ አቀራርበው ዘጉት። በሁለተኛው ቀን አንዱ የሶላር ፓነል ተጣሞ ስለነበር አልታጠፍ አለ። ካትሪን ቶርንተን በእጃቸው ይዘው ወደ ህዋ ለቀቁት። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ካሜራ፣ በአራተኛው ኮስታር ገባ።

ዲሴምበር 18 ሌሊት ባልቲሞር ባለው የሀብል ሳይንስ ተቋም ውስጥ ሰዎች አንድ ስክሪን ዙሪያ ተሰብስበው ጠበቁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ኮከብ ስክሪኑ ላይ መጣ። ጭጋግ የለውም። አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተሞላ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1994 ፎቶዎቹ ለሕዝብ ሲታዩ፣ ኤም 100 የተባለው ጋላክሲ የበፊቱና የአሁኑ ጎን ለጎን ነበር። ፎቶዎቹን ይዘው የሀብል ችግር ማብቃቱን ያወጁት እነዚያው ሴናተር ሚኩልስኪ ናቸው።

ከዚያ በኋላ

ጥገናው ተሳክቶ ታሪኩ ቢያበቃ ሰዎቹ ምን እንደተማሩ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር። በ1995 የሆነው ግን ይነግረናል። የተቋሙ ኃላፊ ሮበርት ዊሊያምስ ሀብልን ምንም ወደማይታይበት የሰማይ ጥግ አዙረው ለአሥር ቀን ለመተው አሰቡ። ታላላቅ ሳይንቲስቶች ከለከሏቸው። ምንም ባይገኝስ? ገና ከውርደት የወጣ ቴሌስኮፕ እንደገና መሳቂያ ይሁን? ምክሩ ከክፋት የመጣ አልነበረም። አንዴ የወደቀ ተቋም ሁለተኛ መውደቅን ይፈራል። ዊሊያምስ ካልተሳካ ኃላፊነቱን ራሳቸው ለመውሰድ ተዘጋጅተው ቀጠሉ። 342 ፎቶ ተነሳ። ባዶ በተባለው ጥግ ወደ 3,000 የሚሆኑ ጋላክሲዎች ወጡ። መረጃውንም ለማንም ተመራማሪ ወዲያው ክፍት አደረጉት።

ይህ እንግዲህ ከስህተት የመማር ሁለተኛው ደረጃ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ያንኑ ስህተት አለመድገም ነው። እሱ ብቻውን ግን ሰውን ሊያስፈራውም ይችላል፤ ከእንግዲህ ምንም ላለመሞከር ሰበብ ይሆናል። ሀብል ዙሪያ ያሉ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ለመሳሳት የሚደፍሩ ሆነው ተገኙ።

ኮስታር ራሱ ከጊዜ በኋላ አላስፈለገም። በኋላ የገቡት መሣሪያዎች ሁሉ ማረሚያቸውን በውስጣቸው ይዘው ነው የመጡት። በ2009 ጠፈርተኞች አውጥተው ወደ መሬት መለሱት። ዋናው መስታወት ግን ዛሬም ያው ነው፤ አልተነካም።

ቀጣዩ የህዋ ቴሌስኮፕ ጄምስ ዌብ ሲሠራ የሀብል ትዝታ በየስብሰባው ነበር። ዌብ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ጠጋኝ አይደርስበትም። የአንድ መለኪያ ውጤት ከእሱ ጋር በማይገናኝ ሌላ መለኪያ እንዲረጋገጥ ተደረገ። 18ቱ የመስታወቱ ቁርጥራጮች ህዋ ላይ እንዲስተካከሉ ሆነው ተሠሩ። ሀብል ላይ የተዘለለው ፈተና እዚህ አልተዘለለም፤ በ2017 መስታወቶቹና መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ትልቅ የቅዝቃዜ ክፍል ውስጥ ገብተው ለሦስት ወር ያህል ተሞከሩ።

ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። ዌብ ብዙ ዓመት ዘገየ፣ ወጪውም ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2018 በድምፅ ንዝረት ሲፈተን ብሎኖችና ሮንዴላዎች ከፀሐይ መከላከያው ሽፋን ላይ ወልቀው ወደቁ። አሳፋሪ ነገር ነበር። ኃላፊዎቹ በዚያው ሰሞን ለሕዝብ ተናገሩት፣ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ገብተው ሥራውን ፈተሹት፣ ከሌሎች ችግሮች ጋር ተደምሮ የመነሻው ቀን ወደ 2021 ተገፋ። ብዙ ተተቹ። ዌብ ዲሴምበር 25 ቀን 2021 ተነሳ፤ በቀጣዩ ዓመት መስታወቶቹ ሲስተካከሉ ከታሰበው በላይ አጥርቶ አየ።